ኒኮቲን ያለ ጭስ፦ ለጎጃም አጫሽ የሚበጀው ከፋርማሲ ወይስ ከሱቅ በደረቴ?

ሲጋራ ማቆም ያቃተውን አዋቂ ሰው «ጭሱን ተው፤ ኒኮቲኑን ግን በአፍህ ውሰድ» ብሎ መምከር ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ማይክል ራስል «ሰዎች የሚያጨሱት ለኒኮቲኑ ነው፤ የሚሞቱት ግን በታሩ (ጭሱ በሚተወው ጥቁር ዝቃጭ) ነው» ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ዛሬ ክርክሩ አዲስ መልክ የያዘው በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጎረቤታችን በኬንያ ጭምር በከንፈርና በድድ መካከል የሚቀመጡ ትናንሽ ነጭ የኒኮቲን ከረጢቶች ገበያ ላይ ስለዋሉ፣ ሻጮቹም በአብዛኛው ሲጋራውን ራሱን የሚያመርቱት ኩባንያዎች ስለሆኑ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ባሉት የጎጃም ከተሞች ሲጋራ የሚታወቀው አሁንም በፓኮና በፍሬ ነው። ጥያቄውን ዕቃው ሳይለመድ በፊት ማንሣት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ላስታውቅ። በአፍ የሚወሰድ ኒኮቲን ሞክሮ ሞክሮ ማቆም ላቃተው አዋቂ አጫሽ ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን በጤና ባለሙያ ምክርና በፋርማሲ በኩል እንደ መድኃኒት ሲሰጥ እንጂ ከማስቲካና ከሶፍት ጎን በሱቅ በደረቴ ሰሌዳ ላይ ሲደረደር አይደለም። ምክንያቱ ከጎጃም አጫሾች ቁጥርና ከአጫጨሳቸው ልማድ የሚነሣ በመሆኑ፣ የስዊድንን ወይም የእንግሊዝን መልስ እንዳለ ገልብጦ መውሰድ አይቻልም።

የሲጋራ ጉዳት ዋና ምንጩ ቃጠሎው ነው። ትምባሆ ሲነድ ከ7000 በላይ ኬሚካሎችን የያዘ ጭስ ይወጣል፤ ከእነዚህም ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር አምጪ መሆናቸው ይታወቃል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ይሻማል፤ ታሩ የሳንባን ቧንቧዎች ይለጥፋል፤ ደቃቁ ብናኝ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያስቆጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ማጨስ ካላቆሙ ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት በዚሁ ምክንያት ይሞታሉ። ኒኮቲን በበኩሉ ንጹሕ አይደለም፤ ከባድ ሱስ ያስይዛል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ፅንስን ይጎዳል፣ ገና በማደግ ላይ ያለን የወጣት አንጎል ያውካል። ሆኖም አጫሹን ለሳንባ ካንሰርና ለትንፋሽ እጥረት የሚዳርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነው። አንድ ሰው ኒኮቲኑን ሳያቃጥል ካገኘው ሳንባው ያርፋል፤ በአንዲት ክፍል ቤት አብረውት የሚኖሩት ልጆቹና ሚስቱም ከጭሱ ይገላገላሉ። የጉዳት ቅነሳ ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ያለው ሳይንስም ብዙ አያከራክርም።

አከራካሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ምክንያቱም «በአፍ የሚወሰድ ኒኮቲን» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር በውስጡ ሰማይና ምድር የሚራራቁ ዕቃዎችን ይዟል። በአንደኛው ጫፍ የኒኮቲን ማስቲካና የሚመጠጥ ክኒን አሉ። ማስቲካው በስዊድን ተሠርቶ በአሜሪካ የመድኃኒት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የኒኮቲን ምትክ ሕክምናን እ.ኤ.አ. በ2009 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ይህ ሕክምና ማጨስን የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ይጨምራል፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተርና ማስቲካው አንድ ላይ ሲሰጡ ውጤቱ ከዚያም ይሻላል። በሌላኛው ጫፍ ሱዳኖች ከከንፈራቸው ሥር የሚያስቀምጡት ቶምባክ አለ። እሱ በአፍ የሚወሰድ መሆኑ ከአደጋ አላዳነውም። ቅጠሉ ተብላልቶ ከአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ ከሆነ ነገር) ጋር የሚዘጋጅ በመሆኑ ናይትሮዛሚን የተባሉት ካንሰር አምጪ ውህዶች በከፍተኛ መጠን ይገኙበታል፤ በሱዳን ከአፍ ካንሰር ጋር የተያያዘውም በዚሁ ነው። «ጭስ ስለሌለው አይጎዳም» የሚለው አባባል በቶምባክ ላይ ሲፈተን ወዲያው ይወድቃል።

በሁለቱ መካከል ስኑስ የሚባለው የስዊድን ትምባሆና አዲሱ የኒኮቲን ከረጢት ይገኛሉ። ስኑስ የትምባሆ ቅጠል ነው፤ ነገር ግን እንደ ቶምባክ ከመብላላት ይልቅ በሙቀት ስለሚዘጋጅ የናይትሮዛሚን መጠኑ በጣም ዝቅተኛ ነው። ከረጢቱ ግን ቅጠል የለውም፤ ከትምባሆ የተጣራ ወይም በላቦራቶሪ የተሠራ ኒኮቲን፣ አሰርና ማጣፈጫ የተሞላ ነው። በይዘቱ ከሲጋራ ይልቅ ለኒኮቲን ማስቲካ ይቀርባል፤ አንዳንዱ ግን የሚይዘው የኒኮቲን መጠን ከማስቲካው እጅግ የበለጠ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ስምንት የስኑስ ምርቶች ከሲጋራ ያነሰ አደጋ እንዳላቸው ለተጠቃሚ እንዲገለጽ ፈቅዷል፤ በጥር ወር 2025 ደግሞ ዚን የተባለው ከረጢት 20 ዓይነቶች በገበያ እንዲሸጡ ፈቃድ ሰጥቷል። ያም ቢሆን ከረጢቱ ማጨስን ያስቆማል ወይ የሚለውን በአግባቡ የፈተኑ ጥናቶች ገና ጥቂቶች ናቸው። ለመሸጥ መፈቀድና ለሕክምና መፈቀድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ ማስታወቂያቸው ግን ልዩነቱን ሸፈን አድርጎ ያልፈዋል።

የከረጢት ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚጠሩት ምስክር ስዊድን ናት። እውነትም የሚናቅ ምስክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከስዊድን ወንዶች ከሦስት አንዱ በላይ ያጨስ ነበር፤ ዛሬ በየቀኑ የሚያጨሰው አዋቂ ሕዝብ ወደ 5 በመቶ ወርዷል፤ የስዊድን ወንዶች የሳንባ ካንሰር ሞትም ከአውሮፓ ዝቅተኛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1992 በአባል አገሮቹ ስኑስ እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ በ1995 ኅብረቱን የተቀላቀለችው ስዊድን ለብቻዋ ከእገዳው ነጻ ሆናለች። ነገር ግን በዚያው ዘመን ስዊድን የሲጋራ ግብር ጨምራለች፣ ማስታወቂያ ከልክላለች፣ ምግብ ቤቶችን ከጭስ ነጻ አድርጋለች፤ ስኑስን እምብዛም የማይጠቀሙት ሴቶችም ማጨስን በብዛት ትተዋል። ስለዚህ ከውጤቱ ምን ያህሉ የስኑስ፣ ምን ያህሉ የሕጉ እንደሆነ ለይቶ መናገር አዳጋች ነው። ከሁሉ በላይ ግን ስዊድን ስኑስን የለመደችው ከመቶ ዓመታት በፊት ነው፤ ወንዶቿ በብዛት ያጨሱ በነበረበት ጊዜ ወደ ኋላ የሚመለሱበት የቆየ ልማድ ነበራቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ስሌቱ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ዳሰሳ መሠረት፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ጭስ የሚያጨሱትን ብቻ ብንወስድ ከወንዶች 6.2 በመቶ ናቸው። ይህን በአንድ ሺህ ወንዶች ላይ እናስበው፦ 62ቱ አጫሾች ሲሆኑ ከ900 የሚበልጡት ትምባሆ ነክተው አያውቁም ወይም ትተውታል። ከረጢቱ በየሱቁ ቢሸጥና ከ62ቱ ግማሽ የሚሆኑት ሲጋራቸውን ጨርሰው ጥለው ወደ እሱ ቢዞሩ 31 ሰዎች ይጠቀማሉ፤ ይህም እጅግ ብሩህ ግምት ነው። በአንጻሩ ከማያጨሱት መካከል ከመቶ አራቱ ብቻ ዕቃውን ቢለምዱ አዲሶቹ የኒኮቲን ሱሰኞች ከዳኑት ይበልጣሉ። እርግጥ የአንዱ አጫሽ መዳንና የአንዱ ጎረምሳ ከረጢት መልመድ በክብደት እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሕይወት ያተርፋል፣ ሁለተኛው በአብዛኛው ሱስና ወጪ ነው። ሆኖም ከሱሰኞቹ ጥቂቶቹ እንኳ ወደ ሲጋራ ቢሻገሩ ትርፉ መሸርሸር ይጀምራል። ብዙ አጫሽ ባለበት አገር አትራፊ የሆነ መንገድ ጥቂት አጫሽ ባለበት አገር አክሳሪ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአጫሹን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ያቆየው የሕግ ጥብቅነት ብቻ አይደለም። በጎጃም ገጠር ሲጋራ የነውር ዕቃ ነው፤ ካህኑ ይገሥጻል፣ ሽማግሌው ፊቱን ያዞራል፣ ልጁን ለመዳር የሚጠይቅ ቤተሰብም «ያጨሳል ወይ?» ብሎ ማጣራቱ አይቀርም። ነውሩ ከሩቅ ዘመን የመጣ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው ነበር፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት ያሸተተ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበርም ተጽፏል። ቅጣቱን ማንም አይናፍቀውም። ነገር ግን የኅብረተሰቡ ነውር የሚይዘው በጭሱና በጠረኑ ነው፤ አጫሽ ከንፈሩ፣ ጣቱና ልብሱ ይናገሩበታል። ከረጢቱ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይም፣ አይጨስም። ለአዋቂው አጫሽ ጥቅም የተባለው ይህ ባሕርይ፣ በተማሪ ማደሪያ ውስጥ ላለው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መደበቂያ ይሆንለታል። መምህሩ፣ እናቱ፣ ንስሐ አባቱ የሚያውቁበት መንገድ የለም።

የጎጃም አጫሽ የሚያጨስበትን ሁኔታ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ሌላም ጉዳይ ይገለጥለታል። በባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ የቆመ ሱቅ በደረቴ በአንገቱ ባንጠለጠላት ሰሌዳ ላይ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ከረሜላና ሁለት ሦስት ዓይነት ሲጋራ ደርድሮ ይዞራል፤ ላይተሩ በክር ታስሮ ከሰሌዳው ጠርዝ ይንጠለጠላል። ገዢው አንዲት ፍሬ ይወስዳል፣ በታሰረው ላይተር ይለኩሳል፣ ሒሳቡን ይሰጣል፣ ይሄዳል። ሲጋራን በፍሬ መሸጥ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው፤ ክሩ ግን እዚያው ነው። በፍሬ የሚገዛ ሰው ራሱን አጫሽ ብሎ አይጠራም፤ «አልፎ አልፎ ነው» ይላል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በቀን 20 ከሚያጨሰው ጋር ሲነጻጸር የልብ ሕመም ተጨማሪ አደጋው በ20 ተከፍሎ አይቀንስለትም፤ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ስለዚህ ጠዋት ከረጢት፣ ማታ ሲጋራ የሚል አጫሽ ልቡን አላዳነም። መለወጥ የሚጠቅመው የመጨረሻዋ ፍሬ ስትቀር ብቻ ነው። «ቀነስኩ» ማለት ለኪስ እረፍት ቢሆንም ለልብ ግን ያን ያህል እረፍት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጫት ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት አብቃይ አካባቢ ነው፤ በከተማዋም ብዙ ሰው ሲጋራ የሚለኩሰው በርጫ ላይ ሲቀመጥ፣ በተለይም ምርቃናው ሲጀምር ነው። በርጫ ከሌለ ለቀናት ሲጋራ የማያምረው ሰው አለ። እንዲህ ላለው ሰው ኒኮቲንን በሌላ መልክ መስጠት የተሳሳተ ሕክምና ነው፤ ከሳምንት ሁለት ቀን ኒኮቲን የሚወስደውን ሰው በየቀኑ ወሳጅ ማድረግ ይሆናል። እሱን የሚረዳው የበርጫውን ሥርዓት መንካት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ ሲጋራ እንዳይገባ መስማማት፣ ወይም በርጫውን ራሱን ማራራቅ ይበጀዋል። ሐኪሞች አጫሹን የሚለዩበት አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፦ «ከእንቅልፍህ በተነሣህ በ30 ደቂቃ ውስጥ ታጨሳለህ?» አዎ ያለ ሰው ሰውነቱ ኒኮቲንን የለመደ ነው፤ ምትክ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ ማስቲካውም በ4 ሚሊግራም የሚታዘዝለት እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ብቻ የሚያጨሰው ግን በአብዛኛው የልማድ እንጂ የሰውነት ጥገኛ አይደለም። ሁለቱን ሳይለይ ለሁሉም አንድ ቆርቆሮ ከረጢት የሚሸጥ ገበያ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይችልም።

ማስቲካው ራሱ አጠቃቀሙን የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል። እንደ ተራ ማስቲካ የሚያኝከው ሰው ኒኮቲኑን ከምራቁ ጋር ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ ጉሮሮው ይቃጠላል፣ ሆዱ ይታወካል፣ ስቅታ ይይዘዋል፣ አንጎሉ ግን የሚፈልገውን አያገኝም። ትክክለኛው አወሳሰድ ቀስ ብሎ ጥቂት ማኘክ፣ ሚጥሚጣ የነካ ዓይነት መለብለብ ሲሰማ ማቆም፣ ማስቲካውን በጉንጭና በድድ መካከል አሳርፎ መጠበቅ፣ መለብለቡ ሲጠፋ እንደገና ማኘክ ነው፤ አንዱ ማስቲካ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ አንድ፣ ከዚያ እየተራራቀ በ12 ሳምንት ይቋጫል። ሲጋራ ኒኮቲኑን በሳንባ አድርጎ በ10 እና በ20 ሰከንድ መካከል አንጎል ያደርሰዋል፤ በአፍ የሚወሰደው ግን ደቂቃዎችን ይፈጃል። አጫሹ በመጀመሪያው ቀን «ይሄ አይደርስልኝም» ብሎ ቢጥለው አያስደንቅም፤ ምኞቱ ከመምጣቱ በፊት መውሰድ እንዳለበት አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር።

አገራችን ላይ ሲመጣ ደግሞ የሚከብድ ነገር አለ፤ እሱም ቡና ነው። ኒኮቲን በአፍ ውስጥ የሚሰርገው ምራቁ አልካሊ ሲሆን ነው። ቡናና ለስላሳ መጠጦች ምራቁን ወደ አሲድነት ስለሚያዞሩት ማስቲካው አፍ ውስጥ ሳለ ወይም ከዚያ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ውስጥ መጠጣት ሕክምናውን ያከሽፋል። አቦልን ከሲጋራ ጋር መጠጣት ለለመደ ሰው ይህን ምክር መስጠት ቀላል አይደለም፤ በርጫ ላይ ጫቱን በኮካ የሚያወራርደውም እንዲሁ። ከረጢቱም ቢሆን ከጫት ጉንጭ ጋር በአንድ አፍ ሲገጥም ድድ የሚቀበለው ሸክም ይደራረባል፤ ከረጢቱ ብቻውን እንኳ በሚቀመጥበት ቦታ ድድን እንደሚያቆስል ይታወቃል። ለጾመኛ አጫሽ ደግሞ አፍ የሚነካ ነገር ሁሉ የጾም ጥያቄ ያስነሣል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ማስቲካ እያኘከ ቅዳሴ ሊቆም አይችልም፤ ጠዋት ተለጥፎ በቆዳ በኩል ኒኮቲን የሚሰጠው ፕላስተር ለእሱ የተሻለ ነው። ይህ ጥቃቅን የሚመስል ነገር በውጭ አገር በተዘጋጀ መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ የደብረ ማርቆስ ወይም የፍኖተ ሰላም ጤና ባለሙያ ግን ከሕመምተኛው ጋር ሁለት ደቂቃ ቢያወራ ይደርስበታል።

ከረጢቱን ወደ አፍሪካ የሚገፋው ማን እንደሆነ ማየትም ያስፈልጋል። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ተጨማሪ ድርሻ ገዝቶ ይዞታውን ወደ 71 በመቶ አደረሰ። ኒያላ ሲጋራን የሚያመርተውን ይህን ድርጅት የያዘው ኩባንያ በአውሮፓ ኖርዲክ ስፒሪት የተባለ የኒኮቲን ከረጢት ይሸጣል። ማርልቦሮን የሚሸጠው ፊሊፕ ሞሪስ ኢንተርናሽናል ደግሞ ዚንን የሚያመርተውን የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ገዝቷል። አንድ ኩባንያ በአንድ እጁ ሲጋራ፣ በሌላው ማቆሚያ ሲሸጥ የትኛው እጁ እንደሚፈጥን ለመገመት የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በኬንያ የሆነው ደግሞ ትምህርት ይሰጣል። ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ ከረጢቱን እ.ኤ.አ. በ2019 ናይሮቢ ላይ መሸጥ ጀመረ፤ በ2020 የጤና ሚኒስትሩ ምርቱ የተመዘገበበት መንገድ ሕግን የተከተለ አይደለም ብለው አስቆሙት፤ ምርቱ ግን በኋላ በሌላ ስም ተመልሶ ገበያ ገባ። ዕቃው መድኃኒት ነው፣ ትምባሆ ነው ወይስ ተራ ሸቀጥ የሚለው ሳይወሰን በመግባቱ መንግሥት ከኋላ ሆኖ የሚሮጥ ሆነ።

እኛ ጋ ያለው የሕግ መሠረት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የጠነከረ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2014 አጽድቃለች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ ማጣፈጫ የተጨመረበትን ትምባሆ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን፣ ማስታወቂያንና ስፖንሰርነትን ከልክሏል፤ ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሆነውን ለሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ በፋብሪካ ዋጋ ላይ 30 በመቶና በፓኮ 8 ብር ጥሎ ነበር፤ ስምንቱ ብር በዋጋ ንረቱ ምን ያህል እንደቀለለ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሕጉ የጎደለው በመከልከል በኩል አይደለም። የጎደለው ለሚያቆመው ሰው የሚሰጠው እርዳታ ነው። አጫሹን ከቡና ቤት አስወጥቶ፣ ፓኮው ላይ የተበላሸ ሳንባ አሳይቶ፣ ዋጋውን አስወድዶ ሲያበቃ «እሺ፣ አቆማለሁ፤ ወዴት ልሂድ?» ሲል የሚያገኘው መልስ የለም። የኒኮቲን ማስቲካ በጎጃም ከተሞች ፋርማሲ ውስጥ እንደ ፓራሲታሞል ከመደርደሪያ የሚነሣ ዕቃ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ የመሠረታዊ መድኃኒቶችን አቅርቦት ራሱን ፈታኝ አድርጎታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ትልቅ ቦታ አለው። ከረጢቱ ከማስቲካው ቀድሞ ቢገባ፣ ማቆም የሚፈልገው አጫሽ በጥናት የተፈተነውን መድኃኒት ሳያገኝ ያልተፈተነውን ሸቀጥ ያገኛል፤ የማያጨሰው ወጣት ደግሞ ከሁለቱም አንዱን የማያስፈልገው ሆኖ ሳለ ጣፋጩን ይቀምሳል። ማስቲካውና ፕላስተሩ ቀድመው ቢገቡ ግን ለከረጢቱ የሚቀርበው ሰበብ ይጠባል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማንኛውም በአፍ የሚወሰድ ኒኮቲን በመድኃኒትነት ካልተመዘገበ እንዳይሸጥ ቢያደርግ፣ አዋቂው አጫሽ የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚያስፈልገውን በማዘዣ ወይም በፋርማሲ ባለሙያ ምክር ያገኛል። ቆርቆሮው ከሱቅ በደረቴው ሰሌዳ መራቁ ለሕፃናትም ይበጃል፤ ከረሜላ የሚመስል ከረጢት አንዱን እንኳ የዋጠ ሕፃን በኒኮቲን ሊመረዝ ይችላል።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህን ሐሳብ «ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ» ይሉታል። የሚያነሡት መከራከሪያ ሲጋራው በየጥጉ በፍሬ እየተሸጠ ያነሰ ጉዳት ያለውን ዕቃ በማዘዣ ማጠር የተገላቢጦሽ ነው የሚል ነው። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ በ40 ዓመት ዕድሜው በቀን ፓኮ የሚጨርስ የከባድ መኪና ሹፌር የዓባይን በረሃ ሲወርድ ፋርማሲ ፈልጎ አይቆምም። ነገር ግን የተገላቢጦሹ መፍትሔ ሲጋራውን ማጥበቅ እንጂ ከረጢቱን ማላላት አይደለም፤ በፍሬ መሸጥን የሚከለክለው አንቀጽ በሥራ ላይ ቢውል ሁለቱ ዕቃዎች ዛሬ ያላቸው ርቀት ይስተካከላል። ለሹፌሩም ቢሆን የሚጠቅመው አንድ ጊዜ ቆሞ የሦስት ወር ማስቲካውን ይዞ መሄዱ ነው፤ ሕክምናው በየቀኑ የሚገዛ ዕቃ አይደለምና።

ሥራው ከየት ይጀመር ለሚለው አዲስ ተቋም ማሰብ አያስፈልግም። ማጨስ የሳንባ ነቀርሳ የመያዝንም የመሞትንም ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ የነቀርሳ ሕመምተኛ ደግሞ ለስድስት ወር ያህል ወደ ጤና ጣቢያ ይመላለሳል፣ ስሙ በካርድ ላይ አለ፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያም ያውቀዋል። በዚያ ካርድ ላይ «ያጨሳል ወይ?»፣ «ጠዋት ከተነሣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያጨሳል ወይ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ፣ አዎ ላለውም የ12 ሳምንቱ ማስቲካ ወይም ፕላስተር ከነቀርሳው መድኃኒት ጋር በዚያው መስኮት ቢሰጠው፣ ሕክምናው ከስድስት ወሩ ምልልስ ውስጥ ተጀምሮ ይጠናቀቃል፤ ለትራንስፖርት የሚያወጣው ተጨማሪ ብርም አይኖርም። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ያለባቸው የፈለገ ሕይወትና የደብረ ማርቆስ ሆስፒታሎች ተመላላሽ ክፍሎችም በተመሳሳይ መንገድ ሊከተሉ ይችላሉ፤ እዚያ የሚመጣው አጫሽ በአብዛኛው ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ልቡ አስቀድሞ የተጎዳ፣ ከጭሱ መላቀቁ ከማንም በላይ የሚያስቸኩለው ሰው ነው።